የሰርቨር ዲስኮችን ፈርምዌር ማዘመን፦ ከሰዓት ቆጠራው እስከ መለዋወጫው ዲስክ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የሰርቨር አምራቹ ኤች ፒ ኢ አንድ ማሳሰቢያ አወጣ። የተወሰኑ የሳስ ኤስ ኤስ ዲ ሞዴሎች (ሳስ የሰርቨር ዲስክ ማገናኛ ዓይነት ነው) ፈርምዌራቸው፣ ማለትም ዲስኩን ከውስጥ የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ኤች ፒ ዲ 8 ከተባለው ቨርዥን በታች ከሆነ፣ በርተው የቆዩበት ጊዜ 32,768 ሰዓት ሲሞላ ሥራ ያቆማሉ ይላል። ይህ 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ዲስኩም ዳታውም አይመለስም። በማርች 2020 ሌሎች ሞዴሎች በ40,000 ሰዓት፣ ማለትም በ4 ዓመት ከ206 ቀን ከ16 ሰዓት፣ እንደዚሁ እንደሚሞቱ ተገለጸ። የእነዚህ መፍትሔ ኤች ፒ ዲ 7 ነበር፤ ዴልም በበኩሉ በ40,000 ሰዓቱ ችግር ለተነኩ ዲስኮቹ ዲ 417 የተባለውን ፈርምዌር አወጣ።

«ሬድ አለን» ብሎ መተኛት እዚህ ላይ አይሠራም። ሬድ፣ ማለትም ዲስክ ቢበላሽ ዳታው እንዳይጠፋ ዲስኮችን የሚያጣምረው ዘዴ፣ የሚጠብቀን ዲስኮች በተለያየ ጊዜ ሲበላሹ ነው። አንድ ሰርቨር ሲገዛ ግን ዲስኮቹ አብረው ይመጣሉ፣ በአንድ ቀን ይበራሉ፣ ሰዓታቸውም እኩል ይቆጥራል። በሬድ 1 ያሉት ሁለቱም፣ በሬድ 6 ያሉት ሁሉም፣ በተጠባባቂነት የተቀመጠው ሆት ስፔር ጭምር (እሱም በርቶ ነው የሚጠብቀው) በአንድ ቀን ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ፋይል በማውረድ ሳይሆን በመቁጠር ነው።

ምዝገባው

ለእያንዳንዱ ዲስክ የገባበትን ስሎት፣ ሞዴሉን፣ ሲሪያል ቁጥሩን፣ አሁን ያለበትን የፈርምዌር ቨርዥን እና በርቶ የቆየበትን ሰዓት ይጻፉ። ሊኑክስ ላይ ከስሎቱ በስተቀር ሁሉንም ስማርት ሲ ቲ ኤል የተባለው ትዕዛዝ ይነግርዎታል። በሳታ ዲስክ ሰዓቱ በሠንጠረዡ ቁጥር 9 ላይ ይገኛል፤ በሳስ ዲስክ የተጠራቀመው የበራበት ጊዜ በሚል መስመር በሰዓትና በደቂቃ ተጽፎ ይወጣል።

ዲስኩ በሜጋሬድ ወይም በዴል ፐርክ ኮንትሮለር (ሬዱን በሚያስተዳድረው ካርድ) ሥር ከሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በቀጥታ አያየውም። ስማርት ሲ ቲ ኤልን «ሜጋሬድ» በሚለው አማራጭ፣ ከዲስኩ ቁጥር ጋር ማስኬድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ቁጥር ነው። የሚጻፈው የስሎቱ ቁጥር ሳይሆን ስቶር ሲ ኤል አይ ወይም ፐርክ ሲ ኤል አይ የተባለው የኮንትሮለሩ ማዘዣ ፕሮግራም በሚያወጣው ሠንጠረዥ «ዲ አይ ዲ» በሚለው ዓምድ ሥር ያለው ነው። ስሎት 4 ላይ የተሰካ ዲስክ ዲ አይ ዲው 11 ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ካምታቱ የአንዱን ዲስክ ሰዓት ለሌላው ይመዘግባሉ፤ ከዚያም የተሳሳተውን ዲስክ ይነቅላሉ። ስለዚህ ስሎትን ከሲሪያል ቁጥር ጋር ማገናኘት ግዴታ ነው። ቁጥሩን ካወቁ በኋላም የዲስኩን የጠቋሚ መብራት ብልጭ ድርግም አድርገው በዓይን ያረጋግጡ።

አሁን ስሌቱን ይሥሩ። አንድ ዲስክ 31,500 ሰዓት ላይ ከሆነና አደጋው 32,768 ላይ ከሆነ የቀረው 1,268 ሰዓት፣ ወደ 52 ቀን ገደማ ነው። ጊዜ አለ፣ ግን ለሚቀጥለው በጀት ዓመት የሚተው ጉዳይ አይደለም። ታድሶ የተሸጠ ሰርቨር ወይም ዲስክ ከገዙ ደግሞ ሰዓቱን በግዢው ቀን አይገምቱ፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው በመጀመሪያው ባለቤት እጅ ከበራበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ማዘመን ያስፈልጋል ወይ?

ሁልጊዜ አያስፈልግም። ደህና እየሠራ ያለ ዲስክ፣ ከአዲሱ ፈርምዌር ጋር የወጣው መግለጫም እርስዎን የሚነካ ምንም ነገር የማይጠቅስ ከሆነ፣ ባለበት ይተውት። ዴል ዝማኔዎቹን አስቸኳይ፣ የሚመከርና እንደ ምርጫ የሚወሰድ ብሎ ይከፍላል፤ ኤች ፒ ኢም ተመሳሳይ አከፋፈል አለው። አስቸኳይ የተባለውን በቁም ነገር ይያዙት፤ የሚመከረውን ከሌላ የጥገና ሥራ ጋር አጣምረው ይሥሩት።

አስቸኳይ የሆነውም ቢሆን በወጣበት ዕለት በሁሉም ሰርቨር ላይ አይጫንም። በጃንዋሪ 2009 ሲጌት የባራኩዳ 7200.11 ዲስኮችን ችግር ለመፍታት ያወጣው የመጀመሪያው ፈርምዌር ራሱ የተወሰኑ ባለ 500 ጊጋባይት ዲስኮችን አጥፍቶ ከድረ ገጹ እንዲነሳ ተደርጓል። እነዚያ የዴስክቶፕ ዲስኮች ነበሩ፤ ነገሩ ግን በሰርቨር ዲስክም የማይደርስበት ምክንያት የለም። ቆጣሪው ጊዜ እስከሰጠዎት ድረስ አንድ ብዙም የማያሳስብ ሰርቨር ላይ ጭነው አንድ ሳምንት ይጠብቁ፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ይሂዱ።

ትክክለኛው ፋይል

ከሰርቨሩ ጋር የመጣ ዲስክ ላዩ ላይ ሲጌት ወይም ሳምሰንግ ቢልም ውስጡ ያለው የሰርቨር አምራቹ ፈርምዌር ነው። ስለዚህ ፋይሉን ከዴል፣ ከኤች ፒ ኢ ወይም ከሌኖቮ ይውሰዱ እንጂ ከዲስክ ፋብሪካው አይውሰዱ። የፋብሪካውን ፋይል ብዙ ዲስኮች ፊርማው ስለማይገጥም እምቢ ይሉታል፤ ይህ ጥሩው ዕድል ነው። መጥፎው ተቀብለውት ኮንትሮለሩ እንግዳ ዲስክ አድርጎ ሲያያቸው ነው። አቅማቸው አንድ ሆኖ በሞዴል ቁጥራቸው መጨረሻ በአንዲት ፊደል የሚለያዩ ዲስኮች አሉ፤ አንዱ ባለ 512 ባይት ሴክተር፣ ሌላው ባለ 4 ኪሎባይት፣ ወይም አንዱ ራሱን የሚያመሰጥር ሊሆን ይችላል። መለያውን ሙሉውን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።

መግለጫው ውስጥ በተለይ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ መሸጋገሪያ ቨርዥን ያስፈልግ እንደሆነ፤ በጣም ካረጀ ፈርምዌር በቀጥታ ወደ መጨረሻው መዝለል የማይቻልበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ፣ የኮንትሮለሩ ፈርምዌር ቀድሞ መታደስ እንዳለበት። ወደ ኋላ መመለስ ብዙ ጊዜ የተከለከለ ስለሆነ «ካልሆነ እመልሰዋለሁ» በሚል ሐሳብ አይግቡ። ፋይሉን ካወረዱ በኋላ ቼክሰሙን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር) ከድረ ገጹ ጋር ያመሳክሩ፤ ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ከሆነ ይህ ደረጃ ፈጽሞ አይዘለልም። የኤች ፒ ኢን ሙሉ የፕሮላይንት ሰርቪስ ፓክ (የሰርቨሩን ዝማኔዎች አንድ ላይ የያዘ ጥቅል) ለማውረድ ዋስትና ወይም የድጋፍ ውል እንደሚጠየቅ አስቀድመው ይወቁ፤ የጥገናው ሌሊት ላይ የሚታወቅ ነገር መሆን የለበትም።

ከመጀመርዎ በፊት

ባክአፕ ይኑርዎ፤ ባክአፕ ማለት ደግሞ አንድ ፋይል ወይም አንድ ቨርቹዋል ማሽን በትክክል መልሰው ያዩበት ነው። የፈርምዌር ዝማኔ ዳታ አይነካም ተብሎ ነው የተሠራው፤ ባክአፕ የሚያስፈልገው ለተባለው ሳይሆን ለሚሆነው ነው።

ቀጥሎ የሬዱን ጤንነት ይመልከቱ። ዲግሬድ የሆነ (ዲስክ የጎደለው) ወይም ሪቢልድ ላይ ያለ (የጎደለውን ዲስክ ዳታ መልሶ እየገነባ ያለ) ሬድ ላይ ፈርምዌር አይነካም። ሊበላሽ እንደሆነ አስቀድሞ ያስጠነቀቀ ወይም ያልተነበቡ ሴክተሮች የተከማቹበት ዲስክ ካለ መጀመሪያ ይቀየርና ሪቢልዱ ይለቅ። ከጥቂት ቀናት በፊት ሙሉ የኮንሲስተንሲ ቼክ (በዲስኮቹ ላይ ያለው የሬድ ዳታ እርስ በርሱ መስማማቱን የሚያይ ፍተሻ) ማስኬድ ብልህነት ነው፤ አንድ ዲስክ ወጥቶ ሪቢልድ ሲጀመር ሌላው ላይ የተደበቀ መጥፎ ሴክተር መገኘቱ ከሚያስጨንቁ ነገሮች ሁሉ የከፋው ነውና።

ኃይል የራሱ አንቀጽ ይገባዋል። ዲስኩ ፈርምዌሩን ወደ ውስጡ እየጻፈ ባለበት ሴኮንድ መብራት ከሄደ ዲስኩ ላይነሳ ይችላል። ዩፒኤሱ ሥራውን ሙሉ የሚሸፍን ባትሪ እንዳለው በጭነት ፈትሸው ያረጋግጡ፤ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ያሉት ሴኮንዶች ናቸው ወሳኞቹ። ሁለቱን የኃይል ገመዶች በሁለት የተለያዩ መስመሮች ላይ ይሰኩ። የሬድ ኮንትሮለሩ የካሽ ባትሪ ወይም ካፓሲተር ጤነኛ መሆኑንም ይዩ።

ከዚያ የሚረብሹትን ያስቁሙ፦ የሌሊት ባክአፕ፣ ፓትሮል ሪድ (ኮንትሮለሩ ዲስኮቹን እያነበበ የሚፈትሽበት)፣ ኮንሲስተንሲ ቼክ። ሰርቨሩ ሳይጠፋ የሚሠሩ ከሆነ ሆት ስፔሩን ለጊዜው ከምደባው ያውጡት። አለዚያ ዲስኩ ለማደስ ለጥቂት ሴኮንድ ሲጠፋ ኮንትሮለሩ «ሞተ» ብሎ ሆት ስፔሩ ላይ ሪቢልድ ይጀምራል፤ እርስዎም ለሰዓታት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር። ከቢሮው ጋር «ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ብላችሁ ከተስማማችሁ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 01:00 ነው። የሰርቨሩ ማኔጅመንት ሰዓት ዩ ቲ ሲ (ዓለም አቀፉ ሰዓት) ላይ ከሆነ ደግሞ ሥራውን የሚያስይዙት በቀደመው ቀን 22:00 ላይ ነው። ቀጠሮ ከማስያዝዎ በፊት አይድራኩ ወይም አይሎው (የዴልና የኤች ፒ ኢ ሰርቨሮችን ከርቀት ማስተዳደሪያዎች) አሁን ስንት ሰዓት እንደሚል ይመልከቱ፤ በሥራ ሰዓት ሪስታርት ያደረገ ሰርቨር ከፈርምዌሩ ችግር በላይ ያነጋግራል።

ሰርቨሩን አጥፍቶ መሥራት

የሚቻል ከሆነ ይህኛው መንገድ ይመረጣል፤ ዲስኮቹ ላይ የሚጽፍ ሌላ ማንም የለም። በዴል ሰርቨር ወደ አይድራክ ገብተው ከሜንቴናንስ ማውጫ ሲስተም አፕዴት ላይ ፋይሉን ይጫኑ። ኦፐሬቲንግ ሲስተምዎ ሊኑክስ ቢሆንም አይድራክ የሚቀበለው ለዊንዶውስ የተዘጋጀውን ባለ ኢ ኤክስ ኢ ጥቅል ነው፤ ባለ ቢን የሆነው ሊኑክስ ውስጥ ተገብቶ የሚሮጠው ነው። ሥራው ወረፋ ይዞ በሚቀጥለው ሪስታርት ይፈጸማል። በኤች ፒ ኢ ሰርቨር ሰርቪስ ፓኩን ከፍላሽ ቡት አድርገው፣ ኢንተራክቲቭ የሚለውን መርጠው፣ ከሚወጣው ዝርዝር የዲስኮቹን ብቻ ምልክት ያድርጉ። አውቶማቲኩ ባዮሱንም የኔትወርክ ካርዱንም አብሮ ያድሳል፤ ችግር ከመጣ ከየትኛው እንደመጣ መለየት አይቻልም። ምስሉን በአይሎ በኩል በቀጭን መስመር ከርቀት ቡት ለማድረግ አይሞክሩ፤ ግማሽ ላይ ይቆማል። ፍላሹን በአካል ይሰኩ።

አንድ ዲስክ ማደስ ራሱ ከሴኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ነው። ረጅሙ የሰርቨሩ ሪስታርት ነው፤ ብዙ ሜሞሪ ያለው ማሽን እስኪነሳ 10 ደቂቃ ቢያልፍ አይደንግጡ፣ የማጥፊያውን ቁልፍም አይጫኑ። ለ24 ዲስክ ሁለት ሰዓት ይያዙ።

ሳያጠፉ፣ አንድ በአንድ

በሃርድዌር ሬድ ላይ በስቶር ሲ ኤል አይ ዲስኩን በኮንትሮለር፣ በኢንክሎዠርና በስሎት ቁጥር ጠርተው፣ ዳውንሎድ በሚለው ትዕዛዝ ፋይሉን ይሰጡታል። ሞድ 7 ፋይሉን በቁርጥራጭ ልኮ ወዲያው ሥራ ላይ ያውለዋል። ሞድ ኢ አስቀምጦ ዲስኩ ኃይል ተቋርጦበት እስኪበራ ያቆየዋል፤ ዲስኩና ኮንትሮለሩ ከደገፉት ሥራ ላይ ላለ ሰርቨር የሚሻለው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ዲስኩ በመሀል አይጠፋም። በሞድ 7 ዲስኩ ራሱን ሲያስነሳ ኮንትሮለሩ ትዕግሥቱ ካለቀ «ፌይልድ» ይለዋል። በሬድ 5 ሁለት ዲስክ እንዲህ ከሆነ ሬዱ ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ያድሱ፣ ሬዱ «ኦፕቲማል» እስኪል ይጠብቁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

ዲስኮቹ በኤች ቢ ኤ (ሬድ ሳይሠራ ዲስኮቹን ብቻ በሚያገናኝ ካርድ) በኩል በቀጥታ የሚታዩ ከሆነ ዲስኩን አስቀድመው ከአገልግሎት ያውጡ። በሊኑክስ የራሱ ሶፍትዌር ሬድ፣ በኤም ዲ ሬድ፣ መጀመሪያ የውስጥ ቢትማፕ (የተቀየሩ ቦታዎችን የሚመዘግብ ካርታ) መኖሩን ያረጋግጡ፤ ቢትማፕ ካለ ዲስኩን አውጥተው፣ አድሰው፣ በሪ አድ ሲመልሱት በመሀል የተቀየረው ብቻ ይገለበጣል፤ ከሌለ ሙሉው ዲስክ እንደ አዲስ ይገለበጣል። ዜድ ኤፍ ኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም ላይ ኦፍላይን አድርጎ መልሶ ኦንላይን ማድረግ ይበቃል። ሴፍ (ዳታን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያከፋፍል ሲስተም) ላይ ደግሞ «ኖ አውት» የሚለውን ምልክት ሳያበሩ ኦ ኤስ ዲ (ዲስኩን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም) አያስቁሙ፤ በነባሪው አቀማመጥ ከ600 ሴኮንድ በኋላ ክላስተሩ ዲስኩ እንደማይመለስ ቆጥሮ ዳታውን ወደ ሌሎች ማዛወር ይጀምራል። ሲጨርሱ ምልክቱን ማጥፋትም አይርሱ።

መጻፊያው መሣሪያ እንደ ዲስኩ ነው። ለሲጌት ዲስኮች ሲቼስት አለ። ለሳስ በአጠቃላይ ከኤስ ጂ መሣሪያዎች ውስጥ ራይት በፈር የሚባለው ያገለግላል፤ በአንድ ጊዜ የሚላከው ቁራጭ ለኮንትሮለሩ ወይም ለዲስኩ ከበዛ ትዕዛዙ ውድቅ ይሆናል፣ መፍትሔውም ቁራጩን ማሳነስ ነው። ለሳታ ኤች ዲ ፓርም አለ፤ ይህ መሣሪያ ግን የማደርገውን አውቃለሁ፣ እባክህ ዲስኬን አውድመው የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት ረጃጅም አማራጮች ካልጻፉለት ወይ ፍንክች። የጻፉት ሰዎች እየቀለዱ አይደለም፤ የአምራቹ መሣሪያ ካለ እሱን ያስቀድሙ። አንድ ሳስ ዲስክ በሁለት መንገድ ከተገናኘ ሲስተሙ ላይ ሁለት ዲስክ መስሎ ይታያል፤ በሲሪያል ቁጥሩ ለይተው በአንዱ መንገድ ብቻ ያድሱት።

ኤን ቪ ኤም ኢ ዲስኮች ይህን ሁሉ አቅልለውታል። እስከ 7 የፈርምዌር ማስቀመጫ ስሎት ሊኖራቸው ይችላል፤ አዲሱን በአንዱ አስቀምጠው አሮጌውን በሌላው ማቆየት ይቻላል። አንዳንዶቹ ላይ ስሎት 1 ለማንበብ ብቻ የተቆለፈ ነው። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው፦ ዳውንሎድ፣ ከዚያ ኮሚት። ዳውንሎዱን ጨርሰው ኮሚቱን ከረሱ ምንም ስህተት አይታይም፣ ቨርዥኑም አይቀየርም። በኮሚቱ ላይ 1 የሚለው ተግባር በሚቀጥለው ሪሴት፣ 3 የሚለው ደግሞ ወዲያውኑ ሥራ ላይ ያውለዋል።

ማረጋገጥ፣ ሲበላሽም

ጨርሰው ቨርዥኑን ሲያዩ አሮጌው ቢመጣ ወዲያው አይድገሙት። ሊኑክስ የሳስና የሳታ ዲስክን ቨርዥን የሚይዘው ዲስኩን መጀመሪያ ሲያገኘው ነው፤ ኤል ኤስ ስካዚ የሚያሳየው ያንን የተያዘውን ነው። ስማርት ሲ ቲ ኤል ዲስኩን ራሱን ስለሚጠይቅ እሱን ይመኑ። ሁለቱም አሮጌውን ካሉ ዝማኔው ተቀምጦ ኃይል መቋረጥ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ዲስኩ ጭራሹን ከጠፋ ሪስታርት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይረዳም፤ ሪስታርት የዲስኩን ኃይል አያቋርጥምና። ሰርቨሩን አጥፍተው ሁለቱንም የኃይል ገመድ ነቅለው ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው ይሰኩ። አንድ ዲስክ ብቻ ከሆነ ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ሲመለስ ኮንትሮለሩ «ፎሪን ኮንፊገሬሽን» (የእኔ ያልሆነ የሬድ መረጃ ዲስኮቹ ላይ) አለ ብሎ ከጠየቀ መጀመሪያ በፕሪቪው ምን እንዳየ ይመልከቱ። የጠፋው ሙሉው ሬድ ከነበረ ኢምፖርት ነው የሚባለው። «ክሊር» የሚለው የሬዱን መረጃ ከዲስኮቹ ላይ ይሰርዛል፤ በሌሊት በድካም ይህን የሚጫን ሰው ጠዋት ባክአፕ ፍለጋ ይገባል። በሬድ 5 ሁለት ዲስኮች ተከታትለው ከወደቁ ደግሞ የትኛው ቀድሞ እንደወደቀ ከኮንትሮለሩ ሎግ ሳያዩ ምንም አይንኩ። በግድ ኦንላይን የሚደረገው መጨረሻ የወደቀው ነው፤ ቀድሞ የወደቀው ላይ ያለው ዳታ ያረጀ ስለሆነ እሱን ካስገቡ ፋይል ሲስተሙ ይበላሻል። የመጀመሪያው ከዚያ በኋላ በሪቢልድ ይመለሳል።

ሁሉም በሰላም ካለቀ አጭር የስማርት ፍተሻ ያስኪዱ፣ ያስቆሟቸውን ሥራዎችና ሆት ስፔሩን ወደ ቦታቸው ይመልሱ፣ ቀጣዩን ሰርቨር ከመንካትዎ በፊት ሎጉን ለ48 ሰዓት ይከታተሉ። የአንድ ዳታ ሁለት ቅጂ የያዙ ሰርቨሮችን በአንድ ሌሊት አያድሱ።

መዝገቡ ላይ አዲሱን ቨርዥን ሲጽፉ ካርቶን ውስጥ የተቀመጡትን መለዋወጫ ዲስኮች አይዝለሉ። ሳይበሩ የቆዩ ዲስኮች ሰዓት አይቆጥሩም፤ ፈርምዌራቸው ግን የተገዙበት ዕለት የነበረው ነው፣ ሲሰኩም አሮጌውን ስህተት ይዘው ነው የሚገቡት። ባዶ ስሎት ባለው የሙከራ ሰርቨር ላይ አንድ በአንድ ሰክተው ያድሱና ቨርዥኑንና ቀኑን ጽፈው መያዣው ላይ ይለጥፉ። በዋስትና ተቀይሮ የሚመጣ ዲስክም ከመሰካቱ በፊት ቨርዥኑ ይታይ።